ችሎቱ ወደ ታች የወረደበት ወቅት

ሐሙስ፣ ማታ

ዛሬ የትምህርት ቤቱን ሥራ ጀመርን። ጀመርን ስል እኔና ዐቃቤ ሕጉ ማለቴ ነው። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በበጎ ፈቃድ ለማስተማር እጁን ያላወጣ ጠበቃ አልነበረም፤ ዛሬ በር ላይ የተገኘነው ግን ሁለት ነን። እሱም አርፍዶ። ዐቃቤ ሕጉን እኛ ጓደኞቹ «ቀጠሮ» ነው የምንለው፤ በሕይወቱ አንድም ነገር በተባለበት ቀን አድርጎ አያውቅም። ሠርጉን እንኳ ሁለቴ አራዝሟል።

ሥራው ቀላል ነው። በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን ሕግ የእነሱም ሙያ ሊሆን እንደሚችል ማሳመን፣ በመጨረሻም በእውነተኛው ፍርድ ቤት፣ በእውነተኛው የዳኛ ወንበር ላይ አስቀምጠናቸው ምስለ ችሎት እንዲያካሂዱ ማድረግ። የጠበቃ ልጅ ጠበቃ፣ የዳኛ ልጅ ዳኛ የሚሆንበት ነገር ይብቃ ነው ሐሳቡ። የሥነ ዜጋ መምህርቷ ከየዓይነቱ መርጣ ጠበቀችን። ከትምህርት መልስ ጋራዥ የሚሠራ፣ ከጥፍሩ ሥር ግራሶ ያልለቀቀው ልጅ አለ። ከሌላ አገር መጥታ አፏን በከፈተች ቁጥር በአነጋገሯ የሚስቁባት ልጅ አለች። በዊልቸር የምትሄድ፣ ሰው ስታይ ዘልቃ የምታይ ልጅ አለች።

ንግግር አደረግሁ። «የሕግ በር ለሁሉም ክፍት ነው!» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። እውነቱን ለመናገር ራሴን ወደድኩት። ባለዊልቸሯ ግን አላጨበጨበችም፤ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጠበቃ ሲኮን ቃለ መሐላ አለ አይደል? ቤተሰብ ገብቶ ማየት ይችላል?»

«በደንብ ይችላል።»

«የእርስዎ ማን መጣ?»

«ማንም። እናቴን ያን ቀን ራሷን አሟት ነበር» አልኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ይቺ ልጅ ጠበቃ ከሆነች ወዮልን።

ቅዳሜ

የወራሾቹ መዝገብ ሊያሳብደኝ ነው። አምስት ወንድማማቾች፣ አንድ የሳሙና ፋብሪካ። አባታቸው በሕይወት ሳለ አንድ ማዕድ ላይ አብረው የሚበሉ ነበሩ፤ አሁን መተላለፊያ ላይ ሲገናኙ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ጉዳዩን የሚሰማው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ራሱ ነው። አለቃዬ በዚህ መዝገብ ቢሮውን ስም ሊያወጣለት ስለፈለገ ቅዳሜን ከሰኞ አይለይም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲደውል ነው የዋለው።

እናቴ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣራዋን መታች። እሷ ታች፣ እኔ ፎቅ ነን፤ ያ እንጨት የቤታችን ስልክ ነው። አንዴ ከመታች «ምግብ ቀርቧል» ነው። ማታ ከላይ «እማ፣ ደህና እደሪ!» ስል ሁለቴ ትመታለች፤ «ሰምቼሻለሁ» ማለቷ ነው። እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ አንድ ቀን ክፍሌን አይታው አታውቅም። «የአንቺ አገር» ነው የምትለው። «የአንቺ አገር ዛሬ ዘነበ እንዴ?» ትለኛለች።

ወርጄ በላሁ።

«ምን ስታነቢ ነው የዋልሽው?»

«መዝገብ።»

«ሐኪም ብትሆኚ ኖሮ ወይ ይድንልሻል ወይ ይሞትልሻል፣ ታርፊያለሽ። የእናንተ ጠበኛ አይድን አይሞት!»

በሳቅ ትን አለኝ። ግን ከሳቁ ሥር ያለውን አውቀዋለሁ። እናቴ ሐኪም እንድሆንላት ነበር የምትፈልገው። ይህን ሁሉ ዘመን ስከራከር መጥታ አይታኝ አታውቅም። አንድ ቀን ራሷን ያማታል፣ አንድ ቀን የሚለካ ደንበኛ ይመጣባታል (ልብስ ሰፊ ናት፤ አሁንም ቢሆን የስፌት መኪናዋን አልተወችም)፣ ሌላ ቀን ደግሞ «የእናንተ ፍርድ ቤት ለእኔ ሩቅ ነው» ትላለች። ከቤታችን እዚያ ድረስ እኮ በታክሲ ቅርብ ነው። ተይው እንግዲህ። ሙያዬን አልወደደችውም፤ ለምጄዋለሁ።

ሐሙስ

ጉዳዩን መረጥን። አንድ ሰው የጎረቤቱን ብስክሌት ተውሶ ዳቦ ቤት በር ላይ አቁሞ ሲገባ ተሰረቀበት፤ ይክፈል አይክፈል? ልጆቹ ገና ሳይከፋፈሉ መጣላት ጀመሩ። የጋራዡ ልጅ እኔ ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ «ተቃውሞ አለኝ!» ይላል። ስሙ «ተቃውሞ» ሆኖ ቀረ። ዳኛ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ ባለዊልቸሯ ዞሩ። ድምፅ መስጠትም አላስፈለገም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ክብርት» ተባለች፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠራበት የኖረች ይመስል «ሥርዓት!» አለች። ሁሉም ጸጥ አለ። ቀጠሮም ጸጥ አለ፤ ይህ በእውነተኛ ችሎት እንኳ ሆኖ አያውቅም።

በመውጫችን ላይ «ሒሳብ ላጠና ነበር ያሰብኩት» አለችኝ። «አሁን እንጃ።»

እሑድ

ከማኅበሩ የተዋስነው ካባ ለክብርት ረዝሞ ጎማዋ ውስጥ እየገባ ሊያንቃት ነበር። እናቴ አምጫት አለች። አባቷ አመጣት። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ ሰው።

እናቴ ዊልቸሩን ዙሪያውን ለካችው። «ልብስ የሚሰፋው ለቆመ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?» እያለች ጫፉን ከፊት አሳጠረች፣ ከኋላ ሰነጠቀችው፣ እጅጌውን ሰበሰበችው። እኔ ፎቅ ላይ ወራሾቹን እያነበብኩ ነበር፤ የሁለቱ ሳቅ ግን ሥራ አላሠራኝም። ውኃ ልጠጣ ብዬ ስወርድ ክብርት «ልጅዎ ስትከራከር አይተዋት ያውቃሉ እማማ?» ስትል ሰማሁ።

«በፎቶ» አለች እናቴ። «ጉልበቴና…»

ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ። እናቴ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ክር በጥርሷ በጠሰች። ስለ ምን እንደሚያወሩ ብጠይቅ «ስለ አንቺ አይደለም፣ አትኩሪ» አለችኝ።

ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም። ነገ።

ሐሙስ

እሺ። ልጻፈው።

ትናንት ልጆቹን ፍርድ ቤት ልናስጎበኛቸው ወሰድናቸው። ከአውቶብሱ ወረዱ፣ ተሰለፉ፣ ተቃውሞ ክራቫት አስሮ መጥቷል። በትልቁ በር ገባን። ከዚያ ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ ቆምን።

ደረጃው።

ችሎቶቹ በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው። ሊፍት የለም። ይህን ሕንጻ ከወጣትነቴ ጀምሮ እመላለስበታለሁ፤ ቀጠሮም እንዲሁ። የምስለ ችሎቱን ቀን ቆርጠናል፣ ካባ ተውሰናል፣ መዶሻ አስቀርጸናል፣ ለወላጆች መጥሪያ ልከናል። ዳኛችን በምን ትወጣለች ብሎ ያሰበ ሰው የለም። ሁለት የሕግ ሰዎች! አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል የምንጣላ ሰዎች!

ክብርት ደረጃውን ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ልክ ነዎት ቲቸር» አለች። «በሩ ክፍት ነው። ከዚህ ይታየኛል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቀጠሮ «እንሸከምሽ፣ ምን ችግር አለው፣ አራት ሆነን…» ማለት ጀመረ።

«ዕቃ አይደለሁም» አለች።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ሌሎቹ ልጆች ቀኑ እንዳይበላሽባቸው ብዬ «ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቶሎ እንመለሳለን» ብያት ወጣሁ። ከመምህርቷ ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ትቻት ወጣሁ! ላይ ሆኜ ስለ እኩልነት አስረዳሁ። አስረዳሁ፣ እኔ!

ስመለስ የችሎት ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ እያነበበች ነበር። «ጥያቄ አለኝ» አለችኝ። «የተከሰሰ ሰው ይህን ደረጃ መውጣት ባይችልስ?»

«ወኪል ይልካል።»

«ዳኛዋስ? ዳኛ ወኪል ትልካለች?»

ዛሬ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ተቃውሞ ካባውን በፌስታል ይዞ መጣ። ልቅም ተደርጎ ታጥፏል። «ሒሳብ ነው የማጠናው ብላለች» አለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ተቃውሞ ሳያሰማ ሄዶ ተቀመጠ።

ዓርብ

እናቴ ካባውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። አንሷት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንዲህ ስትቆጣ ያየኋት ልጅ ሆኜ የደንበኛ ሐር ላይ ቀለም የደፋሁ ቀን ነው።

«ጥለሻት ወጣሽ?»

«እማ፣ ሌሎቹ ልጆች…»

«ጥለሻት ወጣሽ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«አዎ።»

«ደረጃ ሥር ቆሞ መቅረት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ሰው ሁሉ እያለፈሽ ሲወጣ?» ምርኩዟን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…» አለችና ተረቱን ሳትጨርስ ወደ መኪናዋ ዞረች። ማታ «ደህና እደሪ» ስል ጣራው አልተመታም።

ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል መናደዷ ገረመኝ። ካባውን ብዙ ለፍታበት ስለነበር ይሆናል።

ቅዳሜ

ሰዓት ጠጋኙ ሱቅ ሄድኩ። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። አባትየው አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ በእጁ አሳየኝ። ክብርት የሒሳብ መጽሐፍ ከፍታለች፤ ገጹ ግን ከመጣሁ ጀምሮ አልተገለጠም።

ይቅርታ ጠየቅሁ። በአማርኛዬ ሁሉ ጠየቅሁ። ምስለ ችሎቱን ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ልናዛውረው እንችላለን አልኳት።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለች። «ጓደኞቼ እውነተኛውን ፍርድ ቤት ሲጠብቁ ነው የከረሙት። በእኔ ምክንያት አዳራሽ ውስጥ ሲቀሩ ምን የሚሉኝ ይመስልዎታል? አይሉም፣ ግን ያስባሉ። ቲቸር፣ ይቅርታ አልፈልግም። ችሎት ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ ሒሳቡ?»

«ሒሳብ ደረጃ የለውም።»

አባትየው ከወዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ሰው ፍርድ ቤት ላይ ቅሬታ ሲኖረው የት ነው አቤት የሚለው?»

እኔና እሷ ተያየን።

ሰኞ

አቤቱታ ጻፈች። ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ ምስለ ችሎቱ ታች እንዲካሄድ። አንብቤ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ላስተካክለው» አልኩ። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ሳላውቀው ሦስት ገጽ ሆነ። «ከላይ በዝርዝር ለመግለጽ እንደተሞከረው» ገባበት፣ «በመሆኑም» ገባበት፣ «ክቡርነትዎ» ደግሞ በየመስመሩ ገባበት። ቀጠሮ አይቶት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በጣም አምሮበታል አለ።

ክብርት እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ይህን የጻፈችው ሴትዮ ማናት?» አለች። «ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ደረጃ ትወጣለች።»

የእሷን መለስን። አንድ አንቀጽ ነው። እንዲህ ይጀምራል፦ «እኔ በምስለ ችሎቱ ዳኛ ነኝ። ችሎቱ ፎቅ ላይ ነው፣ እኔ ታች ነኝ። ከሁለታችን አንዳችን መንቀሳቀስ አለብን።»

ማክሰኞ

አስገባን። በእጄ ማኅተም አስመታሁ። አለቃዬ ከመመለሴ በፊት ሰምቷል።

«አንቺ! በወራሾቹ መዝገብ ዋዜማ ፕሬዚዳንቱን በደረጃ ትከስሺያለሽ?»

«ጋሼ፣ ክስ አይደለም። የተማሪ አቤቱታ ነው።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ልጆቹ ያስገቡት፣ ልጆቹ ይከራከሩበት። አንቺ አትታዪ። ተግባባን?»

ዝም አልኩ። ዝንብ አልገባም። ግን አፌን መረረኝ።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

መጥሪያው መጣ!! ፕሬዚዳንቱ አቤቱታውን ሊሰማ ፈቅዷል። ሰኞ ጠዋት። ቦታ፦ ሁለተኛ ፎቅ።

ሁለተኛ ፎቅ! ደረጃ መውጣት አልችልም ያለችው ልጅ ይህንኑ ለማስረዳት ደረጃ ትውጣ። ቀጠሮ ወንበር ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። ክብርት ግን አልሳቀችም። «እሄዳለሁ» አለች። «እስከምችልበት።»

በዚያው ሰኞ፣ ከአቤቱታው ቀጥሎ፣ የወራሾቹ ቀጠሮ ነው። አለቃዬ ራሱ ይመጣል።

ሰኞ፣ ማታ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ አንድም እንዳይቀርብኝ።

ጠዋት በዝናብ ደረስን። አምስቱ ወንድማማቾች በአምስት ጃንጥላ መጡ። አለቃዬ ቦርሳውን አስይዞኝ ከፊቴ ደረጃውን ጀመረ። እኔም ተከተልኩት። ትንሽ እንደወጣሁ ዞሬ አየሁ። ክብርት ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር፣ ያን ዕለት የተውኳት ቦታ ላይ ናት። እናቴ ያሳጠረችውን ካባ ለብሳለች። እኔን አልነበረም የምታየው፤ ፋይሉን ይዞ በአጠገቤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ የሚወጣውን ተቃውሞን ነው።

ባለፈው ወጥቼ ነበር።

ቦርሳውን ለአለቃዬ መለስኩለት።

«ወዴት ነው?» አለ።

«ታች።»

ላይ የሆነውን የነገረኝ ቀጠሮ ነው። (ዛሬ በሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ከሰዓቱ በፊት ተገኝቷል። በታሪክ ይመዝገብልኝ።) ፕሬዚዳንቱ አመልካቿን ጠራ። ተቃውሞ ፋይሉን ይዞ ተነሣ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አመልካቿ ቀርባለች።»

«የት አለች?»

«ደረጃው ሥር።»

«ትምጣ እንጂ።»

«ተቃውሞ አለኝ» አለ ልጁ፣ ከልማድ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። ፕሬዚዳንቱ አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀ፣ አቤቱታውን አንዴ ደግሞ አነበበው፣ ተነሣና በጓሮ በር ሳይሆን በሕዝቡ በር ወጣ። ተቆጥቶ ጥሎ የሄደ መስሏቸው ነበር።

እኛ ከታች ያየነው መጀመሪያ ጫማውን ነው። ከዚያ የካባውን ጫፍ። የደረጃውን እጀታ ይዞ ቀስ ብሎ፣ በየመሐሉ እያረፈ ወረደ። ከኋላው ጸሐፊዋ መዝገብ ታቅፋ፣ ከእሷ ኋላ ተማሪዎቹ፣ ከእነሱ ኋላ ወራሾቹ፣ ከሁሉም ኋላ የአለቃዬ ፊት። ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ስንቆም መተላለፊያው ሞላ።

«አመልካቿ አንቺ ነሽ?»

«አዎ ክቡር ፕሬዚዳንት። ስላልተነሣሁልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አንድ ሰው የሳቀ መሰለኝ፤ ቀጠሮ ነው። ፕሬዚዳንቱ የከንፈሩ ጫፍ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «ጠበቃሽ ማናት?»

ክብርት ወደ እኔ አልዞረችም። ጥብቅና እንድቆምላትም አልጠየቀችኝም። አለቃዬ ከላይ በዓይኑ «አትታዪ» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

የተናገረችው ግን እሷ ናት፤ እኔ አጠገቧ መቆም ብቻ ነበር ሥራዬ። «በሩ ክፍት ነው ተብዬ ነው የመጣሁት» አለች። «ለእኔ ብቻ አይደለም። ዛሬ ጠዋት እዚህ ሆኜ ሁለት አዛውንት ደረጃውን አይተው ሲመለሱ አይቻለሁ። አንደኛዋን አናገርኳቸው። የልጃቸው ጉዳይ ነበር። ‹ግድ የለም፣ ማታ ትነግረኛለች› ብለው ሄዱ።»

ይህች ቃል ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀችኝም። ማታ ትነግረኛለች። ለምን እንደያዘችኝ አላውቅም።

ፕሬዚዳንቱ ዞሮ የወረደበትን ደረጃ አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ጉልበቴ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ አቤት ብሎኛል። መዝገብ ስላልከፈተ ሳልሰማው ቀረሁ።» አሮጌ ወንበር የተከመረበት የምድር ቤቱ አዳራሽ እንዲጠረግ፣ ምስለ ችሎቱም እዚያው እንዲካሄድ አዘዘ። ጸሐፊዋን ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ መውጣት የማይችል ሰው ያለበት ጉዳይ፣ የጠየቀ ሁሉ፣ ታች ይሰማለት ብለሽ ጻፊ» አላት።

ተቃውሞ ጮኸ። መምህርቷ አለቀሰች። ክብርት ደግሞ ጥያቄ ጠየቀች፦ «መዶሻው ይኖራል?»

የወራሾቹ ክርክር ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ አለቃዬም እስከ ማታ አላናገረኝም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና «ትልቁ ወራሽ ከአንቺ ሌላ ጠበቃ አልፈልግም ብሏል። ምን እንዳዞርሽበት እንጃ» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ለእናቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። ፕሬዚዳንቱ እጀታውን ይዞ ወረደ ስል መኪናዋን አቆመች። «ራሱ? በእግሩ?» አለች። ሁለቴ አስደገመችኝ። ማታ ጣራው ሁለቴ ተመታ።

ረቡዕ

ጽዳት። አቧራ። ቀጠሮ ያነሣው ወንበር ተሰብሮበት ወደቀ፤ «ካሣ ይከፈለኝ» አለ፤ ልጆቹ ተከራክረው ረቱት። ደስ የሚል ድካም።

ቅዳሜ፣ ከምስለ ችሎቱ መልስ

ጠዋት ልወጣ ስል እናቴ ለብሳ ቆማ አገኘኋት። ታክሲ እንድጠራ አዘዘችኝ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ጫፉን ልየው። የሰፋሁትን ልብስ እኮ ተለብሶ አላየሁትም።»

በልቤ «ለእኔ ያልመጣሽውን» አልኩ። ክፉ ነኝ አንዳንዴ።

ፍርድ ቤቱ በር ስንገባ ተማሪዎቹ ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ይራወጣሉ። እናቴ ግን ቆመች። ምርኩዟን ተደግፋ ደረጃውን ከታች እስከ ላይ አየችው፣ ልክ ክብርት እንዳየችው።

«ዛሬም እንዲሁ ረጅም ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ደረጃው ነዋ።»

«መቼ አየሽውና?»

ጠጋ አለችኝ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ ነገረችኝ። የቃለ መሐላዬ ቀን መጥታ ነበር። ራሷን አላመማትም። ለዚያ ቀን ብላ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ እዚህ ድረስ፣ እዚህች የቆምንባት ቦታ ድረስ መጥታለች። ከአውቶብስ ስትወርድ ወድቃ ጉልበቷ ከተጎዳ ገና ዓመቱ ነበር። ሞከረች፤ አልሆነም። ጭብጨባው ከላይ ይሰማት ነበር አለች። ሲያበቃ እኔ ሳላያት ቀድማኝ ቤት ገባች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በደስታሽ ቀን? እናቴ ደረጃ ሥር ቀረች እያልሽ ልትኖሪ?»

«እኔ እኮ ሙያዬን የጠላሽው…»

«ሞኝ» አለችኝ። «ሐኪም ሁኚ ያልኩሽ ሐኪም ቤቱ ምድር ላይ ስለሆነ ነው።» እሷ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም። ስንት ዘመን ከጣራዋ በላይ ኖሬ፣ አንድ ቀን ለምን አትወጪም ብዬ ሳልጠይቃት! መሐረብ አጥቼ በካባዬ እጅጌ ፊቴን ጠረግሁ፤ «ኧረ ልብሱን!» ብላ ጮኸችብኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ክብርት ከዳኛ ቦታዋ ሆና አየችንና መዶሻዋን መታች። «እማማ፣ ፊት ይቀመጡ። ችሎቱ ይጠብቅዎታል።» እናቴ በመሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሳትቸኩል ሄዳ ፊት ተቀመጠች። ፕሬዚዳንቱ ወንበሩን ለቆላት አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ሄደ።

ሲስቁባት የነበረችው ልጅ ብስክሌቱን ለተዋሰው ሰው ተከራከረች፤ ማንም አልሳቀም። ተቃውሞ ለባለብስክሌቱ ቆሞ ተቃወመ፣ ተቃወመ፣ በመጨረሻ የራሱን ምስክር ተቃወመ። ክብርት ፍርዷን ስትሰጥ «የተዋሰ ሰው ዕቃውን እንደራሱ አድርጎ መጠበቅ አለበት፤ በሩ ክፍት ነው ብሎ ጥሎት መግባት አይበቃም» አለች። አየችኝ። ይገባኛል፣ ክብርት። ይገባኛል።

ሲያልቅ የዩኒቨርሲቲ መምረጫ ቅጿን አሳየችኝ። ሒሳብ ሁለተኛ ሆኗል።

ሐሙስ

ለወራሾቹ መዝገብ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ክርክሩ በምድር ቤቱ አዳራሽ ይሰማልን። አለቃዬ ምክንያቱን ጠየቀኝ። «መውጣት የማይችል ታዳሚ አለብኝ» አልኩት። አጉረመረመ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ፈረመ።

ሰኞ

ከጠዋቱ ጀምሮ ክርክሬን ደጋግሜ አነበብኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ! አምስቱ ወንድማማቾች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ታች የባለጉዳይ ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ። እናቴ ከኋላቸው ናት። ሰማያዊውን ቀሚስ ጎኑን ለቃው፣ ለብሳው መጥታለች።

ስሜ ተጠራ። ተነሣሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ። ቀጣዩ ቃል ጠፋኝ። ፕሬዚዳንቱ ጠበቀኝ። አለቃዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከኋላዬ ምርኩዟ ወለሉን ሁለቴ መታ።

ክርክሬን ጀመርኩ።